መርዝን ከምንጩ ስለ መያዝ

ውኃ ለሰው ልጅ ሕይወት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ውኃ ሳይጠጣ ግን ከጥቂት ቀን የበለጠ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ሰዎች መንደራቸውንና ከተማቸውን የሚመሠርቱት ወንዝ በሚወርድበት፣ ምንጭ በሚፈልቅበት ስፍራ ነው። ውኃው የከፋ እንደ ሆነም የሚሻሻልበትን ብልሃት ከመፈለግ የቦዘኑበት ዘመን አይገኝም። በኦሪት ዘፀአት እንደ ተጻፈው ሙሴ የማራን መራራ ውኃ እንጨት ጥሎ አጣፍጦታል። በመጽሐፈ ነገሥትም እንደ ተነገረው የኢያሪኮ ሰዎች ውኃቸው ክፉ፣ ምድራቸውም ፍሬ የማትሰጥ መሆኗን ለነቢዩ ለኤልሳዕ በነገሩት ጊዜ፣ ነቢዩ በአዲስ ዕቃ ጨው አስመጥቶ ውኃው ወደሚፈልቅበት ስፍራ ወጣና ጨዉን ከዚያ ጣለው። ይህ ታሪክ የሚነገረው የእግዚአብሔርን ተአምራት ለመግለጥ ነው። ነገር ግን አስተዋይ ሰው አንድ ሌላ ትምህርት ያገኝበታል፤ ይኸውም ኤልሳዕ በየቤቱ እየገባ የእያንዳንዱን ሰው እንስራ አለመመርመሩና በቀጥታ ወደ ምንጩ መሄዱ ነው።

በዛሬው ዘመን የውኃ ክፋት ከጥንቱ ይልቅ የረቀቀ ሆኗል። የደፈረሰ ውኃ በዐይን ይታያል፤ የሸተተ ውኃ በአፍንጫ ይታወቃል፤ የበሽታ ተሐዋስያን ያሉበት ውኃም ፈልቶ ሲጠጣ ጉዳቱ ይርቃል። ከባድ ብረቶች የሚባሉት ግን፣ ማለት እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እነዚህን የመሳሰሉት፣ በጥቂቱ በውኃ ውስጥ ሟሙተው በሚገኙበት ጊዜ ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ መስሎ ይታያል፤ አይደፈርስም፤ አይሸትም። እሳትም ቢሆን መድኃኒት አይሆንለትም፤ ውኃው በፈላ ቁጥር እንፋሎቱ እየሄደ፣ እርሳሱና ካድሚየሙ በቀረው ውኃ ውስጥ ይበልጥ ይጠራቀማልና። የዚህ ምክንያቱ ብረት በተፈጥሮው የማይበሰብስና የማይቃጠል በመሆኑ ነው። ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

የእነዚህ ብረቶች መርዝነት በምን ያህል መጠን እንደሚጀምር የተመለከቱት እንደ ሆነ ነገሩ ያስደንቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ0.01 ሚሊግራም፣ ካድሚየም ከ0.003 ሚሊግራም፣ ባዜቃ ደግሞ ከ0.006 ሚሊግራም መብለጥ አይገባውም። በዚህ ሒሳብ አንድ ግራም እርሳስ ብቻ 100,000 ሊትር ውኃ ከተወሰነው ድንበር ላይ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። አንድ ግራም እርሳስ ግን በጣት ጫፍ የሚያዝ ነው። እንግዲህ በዚህ ያህል ውኃ ውስጥ የተበተነውን ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለቅሞ ማውጣት ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ማንም ሊገምተው ይችላል።

ይህን መርዝ በጊዜው ያልያዘ ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ የሚሻ ሰው የጃፓን አገር ከተማ የሆነችውን የሚናማታን ታሪክ ይመልከት። ሚናማታ በኪዩሹ ደሴት በምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ፣ ሕዝቧም ዓሣ በማጥመድ የሚኖር ከተማ ነበረች። በዚያም ቺሶ የተባለ ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው ከ1932 እስከ 1968 ድረስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሴታልዴሂድ የተባለውን ለፕላስቲክና ለሌላም ሥራ የሚያገለግል ኬሚካል ሲሠራ፣ ሥራውን ለማፋጠን በባዜቃ ይጠቀም ነበር። ከዚህም ባዜቃ ከፊሉ በዚያው በፋብሪካው ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባለው እጅግ የከፋ መርዝ ይለወጥና ከእድፉ ውኃ ጋራ ወደ ባሕር ይፈስ ነበር።

መጀመሪያ የታመሙት እንስሳት ነበሩ። ከዓሣ አጥማጆቹ ቤት ፍርፋሪ የሚበሉት ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ሞቱ። በ1956 በሚያዝያ ወር ሁለት እኅትማማች ሕፃናት መሄድና መናገር ተስኖአቸው ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጡ። የሆስፒታሉ አለቃ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜም ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ መነሣቱን በግንቦት ወር መጀመሪያ ቀን ለጤና ጥበቃው መሥሪያ ቤት አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የበሽተኞቹ ቍጥር እየበዛ ሄደ፤ እጅና እግራቸው ይደነዝዛል፤ የዐይናቸው ብርሃን ከዳርና ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ አንደበታቸው ይተሳሰራል፤ የባሰባቸውም ይሞታሉ። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምርመራቸውን ቀጥለው በ1959 በሐምሌ ወር የበሽታው ምክንያት ባዜቃ መሆኑን ገለጡ።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያሳዝነው ግን ገና ባልተወለዱት ላይ የደረሰው ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች መርዝ ከእናት ወደ ጽንስ አያልፍም ብለው ያምኑ ነበር። በሚናማታ ግን እናቲቱ ደኅና መስላ እየታየች ልጅዋ አካሉ የዛለ፣ አእምሮው የተጎዳ ሆኖ ተወለደ። በኢትዮጵያ አገር የሕፃን እትብት በተወለደበት ቀዬ ይቀበርና ሰው አገሬ የሚለው እትብቱ የተቀበረበትን ስፍራ ነው። በጃፓን ግን እትብቱን አድርቆ በትንሽ ሣጥን ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ዶክተር ሐራዳ ማሳዙሚ የተባሉት ሐኪምና ባልንጀሮቻቸው እነዚህን ከየቤቱ የተቀመጡ እትብቶች ሰብስበው ባስመረመሩ ጊዜ ሜቲል ሜርኩሪ ተገኘባቸው። እናቶች ለልጆቻቸው መታሰቢያ ብለው ያኖሩት እትብት የመርዙ ምስክር ሆነ።

እንግዲህ ባዜቃ ይህን ሁሉ ጥፋት ለምን ያደርሳል? ምክንያቱ ከድኝ ጋራ ያለው ወዳጅነት ነው። በሰው ገላ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚሠሩት በየስፍራው በተቀመጠላቸው የድኝ ቅንጣት እየተረዱ ነው። ባዜቃ ድኝ ያገኘ እንደ ሆነ ይጣበቅበታል፤ ከተጣበቀም በቀላሉ አይለቅም፤ ያ ፕሮቲንም ሥራ ፈት ይሆናል። እርሳስና ካድሚየምም በዚህ ረገድ ባዜቃን ይመስላሉ። ይህን የባዜቃና የድኝ ወዳጅነት ሊቃውንት ከቆየ ዘመን ጀምረው ያውቁታል። በ1830ዎቹ ዓመታት ዘይዘ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ድኝ ያለባቸውን አንዳንድ ነገሮች ሲያገኝ ያወጣላቸው ስም መርካፕታን የሚል ሲሆን፣ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ ባዜቃን የሚይዝ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት በኦክስፎርድ ለመርዝ ጋዝ ማርከሻ ብለው የሠሩት መድኃኒት በዚሁ በድኝ ኀይል የሚሠራ ነበር። ከጦርነቱም ወዲህ ባዜቃና ሌሎችም ብረቶች ለመረዙት ሰው ማርከሻ ሆኖ አገልግሏል።

ከዚህ የሚወጣው አሳብ ቀላል ቢሆንም ትልቅ ነው። መርዙ በሰው ገላ ውስጥ የሚሻውን ነገር አስቀድሞ ከፋብሪካው ደጃፍ አቅርቦ ቢጠብቁት፣ መርዙ በዚያ ይያዛል፤ ወደ ወንዙም፣ ወደ ዓሣውም፣ ወደ እናቲቱም አይደርስም። ይህን ሥራ የሚሠራው ሬዚን የሚባለው ነገር ነው።

ሬዚን መጀመሪያ ከዛፍ ለሚወጣ ሙጫ የተሰጠ ስም ነው፤ ዕጣንና ከርቤም ከዚሁ ወገን ናቸው። ዛሬ ግን ከነዳጅ ዘይት ከሚገኙ ነገሮች በፋብሪካ የሚሠራው ሙጫ መሰል ነገር በዚሁ ስም ይጠራል። ለውኃ ማጣሪያ የሚሆነው ሬዚን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቀ፣ እንደ ዶቃ የከበበ ነው፤ የአንዱ ቅንጣት ውፍረትም ብዙውን ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር ግማሽ ያህል ነው። ለሚያየው ሰው ዕንቁጣጣሽ የመሰለ አሸዋ እንጂ ሌላ አይመስለውም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይና ውስጥ ብረትን የሚይዙ እጅግ ብዙ ረቂቅ እጆች ተተክለውበታል። በረዥም በርሜል ውስጥ ተሞልቶ እድፉ ውኃ ከላይ ወደ ታች ሲያልፍበት ብረቱን ያስቀርና ውኃውን ያሳልፋል።

ይህ ብልሃት ከወንፊት ጋራ አንድ አይደለም። ወንፊት የሚይዘው ትልቁን ነው፤ ትንሹን ያሳልፋል። የሟሟ ብረት ግን ከውኃው ራሱ የማይተልቅ ስለ ሆነ ተራ ወንፊት ወይም ጨርቅ ሊይዘው አይችልም። የሬዚን ሥራ የሚመስለው የገበያ ልውውጥን ነው። በውኃ ውስጥ የሟሟ ብረት የኤሌክትሪክ ኀይል ያለበት ቅንጣት ሆኖ ይኖራል፤ ይህም አዮን ይባላል። ሬዚኑ አስቀድሞ የጨው አካል የሆነውን ሶዲየምን ይዞ ይቆያል። እርሳስ ያለበት ውኃ በደረሰ ጊዜ ሬዚኑ ሁለት የሶዲየም ቅንጣት ለውኃው ሰጥቶ አንድ የእርሳስ ቅንጣት ይቀበላል። በጥንት ዘመን ነጋዴው አሞሌ ጨው ሰጥቶ የሚሻውን ዕቃ ይቀበል እንደ ነበረ፣ ሬዚኑም ጨው ሰጥቶ መርዝ ይገዛል ማለት ነው። ገዢው ብልህ ነው፤ የሚሰጠው ጥቂት ሶዲየም በተራ ጨው ውስጥ ያለ ሲሆን፣ የሚቀበለው ግን ገዳዩን ነው።

ይህን የመለዋወጥ ጸባይ መጀመሪያ ያሳየችው ተራ አፈር ናት። ቶምፕሰን የተባለ የእንግሊዝ ባለርስትና ዌይ የተባለ ኬሚስት በ1850 ባሳወቁት ምርምር፣ የማዳበሪያ ጨው የሟሟበት ውኃ በአፈር ላይ ሲፈስ አፈሩ የማዳበሪያውን አሞኒያ አስቀርቶ በምትኩ ካልሲየም መስጠቱን ተረድተዋል። በ1935 አዳምስና ሆምዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሬዚን በሰው እጅ ሠሩ። በ1944 ደግሞ ዳሌሊዮ የተባለ አሜሪካዊ ዛሬ በዓለም ሁሉ ለሚሠራበት ለጠንካራው ዓይነት ሬዚን የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሬዚን የማሞቂያ ጋኖችን ውኃ ከማለስለስ ጀምሮ መድኃኒትን እስከ ማጣራት ድረስ ለብዙ ሥራ ይውላል።

ተራው ሬዚን ግን አንድ ድካም አለበት። በወንዝ ውኃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት የማይጎዱ ማዕድናት ከመርዛሙ ብረት በሺህ እጥፍ በዝተው ይገኛሉ። ተራው ሬዚን እነዚህን ሁሉ ሲቀበል ይሞላና ዋነኛውን ጠላት ያመልጠዋል። ስለዚህ ሊቃውንት መርጦ የሚይዝ ሬዚን ሠሩ። ከእነዚህ አንደኛው ወገን ኪሌት ይባላል፤ ስሙ የወጣው ሸርጣን የሚይዝበትን ጥፍር ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። እንደዚህ ያለው ሬዚን ብረቱን በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ወገን ቆንጥጦ ስለሚይዝ፣ መዳብን፣ እርሳስንና እነዚህን የመሳሰሉትን ከብዙ ካልሲየም መካከል ለይቶ ማውጣት ይችላል። ለባዜቃ የሚሆነው ደግሞ በቅንጣቶቹ ላይ ድኝ የተተከለበት ሬዚን ነው። ዘይዘ ባዜቃን የሚይዝ ብሎ የሰየመው ያው ነገር በሬዚኑ ላይ ተቀምጦ ባዜቃን ይጠብቃል። በባዜቃ እየተረዱ ክሎሪን በሚሠሩ ፋብሪካዎች እድፉን ውኃ ለማጥራት እንዲህ ያለው ሬዚን አገልግሏል።

ሬዚኑ በሞላ ጊዜ በአሲድ ይታጠባል። አሲዱ ብረቱን ያስለቅቀዋል፤ ሬዚኑም ለሁለተኛ ሥራ ይዘጋጃል። በብዙ ሺህ ሊትር ውኃ ውስጥ ተበትኖ የነበረው መርዝ በዚህ ጊዜ በጥቂት ሊትር አሲድ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ብረቱ መዳብ ወይም ሌላ ዋጋ ያለው ነገር የሆነ እንደ ሆነ ተመልሶ ለሥራ ሊውል ይችላል። ባዜቃ ግን ድኝን በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ብዙ ጊዜ ሬዚኑ ራሱ ከነመርዙ እንደ አደገኛ እድፍ ተቆጥሮ በጥንቃቄ መቀመጥ ይገባዋል። ከዚህ ላይ መዘንጋት የማይገባው ነገር አለ፤ ሬዚን መርዝን ይሰበስባል እንጂ አያጠፋም። የተሰበሰበውን መርዝ የሚረከብና የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፣ አጣቢው አሲድ በሌሊት ወደ ወንዝ ቢደፋ፣ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጭቃና ቅባት ያለበት ውኃ ሳይጠለል የገባበት እንደ ሆነ ሬዚኑ ይደፈናል። የውኃው የአሲድነት መጠን ካልተስተካከለ ብረቱን አይዝም። ክሎሪን ያለበት ውኃ የገባበት እንደ ሆነ ደግሞ የድኙ ሬዚን ይበላሻል። ብረቱ የበዛበትን እድፍ ሁሉ በሬዚን ብቻ ለማጥራት ቢሞከርም ወጪው አይቻልም። ስለዚህ በብዙ ስፍራ አስቀድሞ ኖራ ተጨምሮ አብዛኛው ብረት ወደ ታች እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ከኖራ ያመለጠውን ጥቂቱን ግን አደገኛውን ትራፊ ሬዚኑ ይለቅመዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ልኬታ ነው። ሬዚን በሞላ ጊዜ አይጮኽም፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ አይለወጥም፤ የሚወጣውም ውኃ እንደ ቀድሞው የጠራ መስሎ ይታያል። መርዙ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ልቡ ያልፋል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሁለት በርሜል አከታትሎ ያቆማል። በሁለቱ መካከል ያለውን ውኃ ዘወትር ይለካል፤ መጀመሪያው መሙላቱን ባወቀ ጊዜም ሁለተኛው እየጠበቀ መጀመሪያውን ያጥባል። ሳይለኩ ማጣራት በጨለማ ዘብ እንደ መቆም ነው።

ማጣሪያ ኖሮ ልኬታና እውነት የሌለ እንደ ሆነ የሚሆነውን ያችው ሚናማታ አሳይታለች። የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት ባዜቃን ከጠቆሙ በኋላ፣ በ1959 በታኅሣሥ ወር ኩባንያው ሳይክሌተር የተባለ ማጣሪያ አሠርቶ በታላቅ ሥነ ሥርዓት መረቀ። የኩባንያው ፕሬዚዳንትም ከማጣሪያው ወጣ የተባለውን ውኃ በብርጭቆ አስቀድተው በተሰበሰበው ሰው ፊት ጠጡ። ሕዝቡም መርዙ ቀረ ብሎ ተጽናና። ነገር ግን ያ ማጣሪያ የሟሟውን የባዜቃ መርዝ ለማስቀረት የተሠራ አልነበረም። የአሴታልዴሂዱ ሥራ እስከ 1968 ቀጠለ፤ መርዙም ወደ ባሕር መፍሰሱን አላቆመም። በ1965 ደግሞ በሌላው የጃፓን ክፍል በኒጋታ በአጋኖ ወንዝ ዳር ያው በሽታ በሌላ ፋብሪካ ምክንያት ተነሣ። እንግዲህ ለይስሙላ የተሠራ ማጣሪያ ማጣሪያ ካለመኖሩ ይልቅ ይብሳል፤ ማጣሪያ የሌለው ሕዝብ ይጠነቀቃል፤ በማጣሪያ የተታለለ ሕዝብ ግን ዓሣውን ያለ ሥጋት ይበላልና።

የኋላ ኋላ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። በ1973 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ፈረደ። የሚናማታ በሽተኞች ተብለው በመንግሥት የተረጋገጠላቸው ሰዎች ከ2,200 በላይ ሲሆኑ፣ ሌላ ድጋፍ የተደረገላቸው ደግሞ በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠራሉ። ባሕሩንም ለማጽዳት ከ1977 እስከ 1990 ድረስ ባዜቃ ያለበት 1,500,000 ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ከነበረበት ተወግዶ ወይም በስፍራው ተቀብሮ፣ 58 ሄክታር ያህል የባሕር ወሽመጥ መሬት ሆነ። ለዚህም ሥራ 48.5 ቢሊዮን የን ያህል ወጣ። የባሕሩ ዓሣ ያለ ሥጋት ሊበላ የሚችል መሆኑ የተነገረው በ1997 ነው። በአንድ ቧንቧ አፍ ላይ ሊያዝ ይችል የነበረውን መርዝ ከባሕር ሥር ለቅሞ ለማውጣት አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። የጠፋው ሕይወት ግን በምንም ገንዘብ አልተመለሰም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከዚሁ ከጃፓን አገር ግን የሚያጽናና ምሳሌም ይገኛል። በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ከላይ ካለው ከካሚዮካ የማዕድን ሥራ በወረደ ካድሚየም ምክንያት ሩዛቸውም ውኃቸውም ተመርዞ ነበር። በተለይ ሴቶቹ አጥንታቸው እየሟሸሸ በጥቂት ንቅናቄ ይሰበር ስለ ነበረ፣ ከሥቃያቸው የተነሣ በሽታው በአገሩ ቋንቋ ኢታይ ኢታይ፣ ማለት አመመኝ አመመኝ ተባለ። እነዚህ ገበሬዎች በ1972 በፍርድ ቤት ድል ባደረጉ ጊዜ በካሣው ገንዘብ ብቻ ረክተው ወደ ቤታቸው አልገቡም። በማናቸውም ጊዜ ሊቃውንትን ይዘው ወደ ማዕድኑ ሥራ ገብተው እንዲመረምሩ፣ የምርመራውንም ወጪ ኩባንያው እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል አስፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው በየዓመቱ ሳይቋረጥ ተደርጓል፤ በወንዙ ውስጥ ያለው ካድሚየምም በተፈጥሮ ከሚገኘው መጠን ጋራ ወደሚቀራረብበት ደረጃ ዝቅ ብሏል። በሚናማታ ሕዝቡ እንዲያይ የተጋበዘው የምረቃውን በዓል ነበር፤ በጂንዙ ግን ሕዝቡ የሚያየው ቧንቧውንና ልኬታውን ነው። የሁለቱ ልዩነት ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም የሩቅ ወሬ አይደለም። ቆዳን በክሮሚየም ጨው ማልፋት በዓለም የተለመደ ሥራ ነው፤ የአገሪቱ የቆዳ ፋብሪካዎችም ይሠሩበታል። በተለመደው አሠራር ለማልፊያ ከሚገባው ክሮሚየም ቆዳው የሚቀበለው ሁሉንም አይደለም፤ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ከእድፉ ውኃ ጋራ ይወጣል። በአዲስ አበባ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክመው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ የሞጆም ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ዳር ገበሬው ጎመኑንና ሰላጣውን ያጠጣበታል፤ አትክልቱም ወደ ገበያ ይወጣል። የአገሩ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ ከባድ ብረቶች በውኃውም በአትክልቱም ውስጥ መገኘታቸውን በየጊዜው ጽፈዋል።

ፋብሪካው ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ የቆዳም ንግድ ለአገር ጥቅም ያስገኛል። ስለዚህ የሚገባው ሥራውን ማስቀረት ሳይሆን መርዙን በደጃፉ ማስቀረት ነው። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየሙን ለብቻው ባለ ቦይ ሰብስቦ ቢያዘቅጠውና በአሲድ መልሶ ቢያሟሟው፣ ሁለተኛ ለማልፊያ ሊጠቀምበት ይችላል። ከዚያ ያመለጠውንም ሬዚን ይለቅመዋል። ወደ ወንዝ የሚፈሰው ክሮሚየም በገንዘብ የተገዛ መሆኑን ያሰበ ባለፋብሪካ፣ መርዙን መያዝ ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ቁጠባም እንደ ሆነ ይረዳዋል። ሕጉም አልጎደለም። በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በ2002 የታወጀው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ከልክሏል።

ስለዚህ የቀረው ሕጉንና ጥበቡን በቧንቧው አፍ ላይ ማገናኘት ነው። ባለፋብሪካው ማጣሪያውን ለእንግዳ ማሳያ ሳይሆን ለሥራ ያቁመው። ሠራተኛው በየቀኑ ይለካ፤ የለካውንም ይጻፍ። ተቆጣጣሪው በተቀጠረለት ቀን ብቻ ሳይሆን ባልታሰበበት ቀን ይግባ። ከወንዙ በታች ያለው ገበሬም የሚያጠጣው ውኃ ምን እንደያዘ ይነገረው፤ ሊያይ ቢሻም በሩ ይከፈትለት። ሬዚኑ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ የቀረበለትን መርዝ ይይዛል፤ በሞላም ጊዜ ሰው እስኪያጥበው ይጠብቃል። ውኃውን ወደ እርሱ የሚያደርሰው፣ መሙላቱን የሚያውቀውና የተሰበሰበውን መርዝ በታማኝነት የሚረከበው ግን ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶች ቃል ሰምቶ ዛሬ ወደ ምንጩ የሄደ ሕዝብ፣ ነገ በየቤቱ ያለውን እንስራ ሲመረምርና በየቤቱ የተኛውን በሽተኛ ሲቆጥር አይገኝም።